አስተናግርና የአደር ጃማ ትንፋሽ

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ነው። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አልፏል፤ አሸዋው ግን ገና አልደረቀም። ከድልድዩ ሥር፣ ውሃው ባቆረበት ጥግ፣ አንዲት ወጣት እናት ነጭ አበባ ቀጥፋ ከትንሽ ልጇ ጆሮ ጀርባ ስትሰካላት አየሁ። አበባው እንደ ጥሩንባ ረዘም ያለ፣ አፉ የሰፋ፣ እንደ አዲስ አቡጀዲ የነጣ ነው። ግንዱ ሲሰበር የሚወጣው ሽታ እኔ ከቆምኩበት ደረሰ። ያንን ሽታ በአፍንጫዬ ሳይሆን በጉሮሮዬ ነው የማውቀው። ጉሮሮዬ ወዲያው ደረቀ።

«እህቴ፣ ጣይው። እጅሽንም እጇንም በሳሙና ታጠቡ» አልኳት።

«አቦ አባባ! አበባ እኮ ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» ብላ ሳቀች።

በኛ ከተማ አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው። ስለዚህ በዚያ አልተቀየምኳትም። የተቀየምኩት እኔን ባለማወቋ ነው። አያቷ ብትሆን ኖሮ ገና ድምፄን ስትሰማ አበባውን ትወረውረው ነበር። ከመጋላ ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር «በየነ ጣሉት ብሏል» ከተባለ የሚጣልበት፣ «በየነ ጠጡት ብሏል» ከተባለ የሚጠጣበት ዘመን ነበር። በከዘራዬ ጫፍ አበባውን ከልጅቷ ጆሮ ላይ አንስቼ አሸዋው ውስጥ ረገጥኩት። ልጅቷ አለቀሰች፤ እናቷ «ጃጅቷል ሰውዬው!» አለችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ የድሮ ደንበኛዬ አደር ጃማ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ የሚተነፍስ መሰለኝ። ያ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ፣ ገና ሊፈላ እንዳለ ጀበና ያለ ትንፋሽ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፈረንሳይኛ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሶማልኛና ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻዬ ተናግሬአለሁ፤ ሐረሪዎች ሲያወጉም መሳቅ ባለብኝ ቦታ ላይ እስቃለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ብመካም ግን ይገባኛል። የዛሬ ልጆች ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያቅታቸዋል። እኔ ብልቃጡን ነው ትምህርት ቤት ያደረግሁት።

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ጣሊያን ወጥቶ፣ እንግሊዝም ወጥቶ፣ ከተማችን ወደ ልቧ ስትመለስ። ከዚራ ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ቀይ አበባ የሚያዘንብበት፣ ጥላው ለመንገደኛ ሁሉ የሚበቃ ሰፈር ነበር። የባቡር ጣቢያ ሰዎች ካኪ ቁምጣ ለብሰው፣ ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ ቡሽ ባርኔጣ ደፍተው ሲሄዱ መንገዱን የገዙት ይመስሉ ነበር። ሊቶሪና የምንላት ፈጣን ባቡር ከጅቡቲ ስትገባ የምታሰማውን ጥሩንባ ሰምቶ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ሰዓት የሌለው ደግሞ ሆዱን። ጋሪ አስር ሳንቲም ነው። በአስር ሳንቲም ከከዚራ ተነስተህ ደቻቱን ተሻግረህ መጋላ ቀፊራ ገበያ በር ትወርዳለህ፤ ባለጋሪው እግረ መንገዱን የከተማውን ወሬ በነፃ ያወራልሃል። በስሙኒ ሲኒማ ትገባለህ። ሲኒማው ጣሪያ የለውም፤ ሥዕሉ ካላማረህ ኮከብ ታያለህ። መጋላ ስትገባ ከአንዱ ሻይ ቤት የሶማሌ ኡድ፣ ከሌላው የሱዳን ዘፈን፣ ከሦስተኛው የዐረብ ሬድዮ ይወጣና መንገዱ መሐል ይጋጫል። ሴቶቹ ሺቲ ቀሚሳቸው እንደ ጭስ የሳሳ፣ ቀለሙ ግን ከሩቅ የሚጠራ ነው። በዘይት የሚጠበሰው የሙሸበክ ጣፋጭ ሽታ፣ ዘይቱን የምንለው የጉዋቫ ሽታ፣ የግመል ሽታ። ዛሬ ያ ሁሉ ቦታ የባጃጅ ጭስ ሆኗል። ለነገሩ ባጃጅም መጠገን እችላለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም።

እኔ የምሠራው ከዚራ በአንድ አርመናዊ መድኃኒት ቤት ነበር። ባለቤቱ ሙሴ ክሪኮር ይባላል፤ ያኔ ፈረንጅ የመሰለውን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። ሲቀጥረኝ ወለል ልጠርግ ነው። ወለሉን እየጠረግሁ መደርደሪያውን አነበብኩ፤ መደርደሪያውን ጨርሼ መሳቢያውን አነበብኩ። አንድ ቀን ሙሴ ክሪኮር መነጽሩን ፈልጎ ሲያጣ ከውጭ የመጣ ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩለት። አፉን ከፍቶ አየኝና «ከየት ተማርከው?» አለኝ። «ካንተ መደርደሪያ» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥረጊያ አልያዝኩም።

ከደንበኞቻችን ሁሉ አንደኛ አደር ጃማ ነበር። አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ከተማው በሙሉ አጎቴ የሚለው ሰው ነው። መጋላ ይኖራል፤ ሥራው የከብት ድለላ ነው። በግ ይዞ ዋጋ ሲጠራ ድምፁ ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ይሰማል ይባላል። ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። ሆኖም አስም ነበረበት። ከዝናብ በፊት ያ የአቧራ ነፋስ ሲነሳ ድምፁ ይሞትና ትከሻው እስከ ጆሮው ይወጣል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ያኔ ባለጋሪው ደግፎ ያመጣዋል። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ይይዝና ይለኛል፦

«ወሪያ በየነ፣ ትንፋሼን ስጠኝ።» ወሪያ በሶማልኛ አንተዬ እንደ ማለት ነው።

ትንፋሹ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የአስም ሲጋራ ይባላል፤ በባሕር ከፈረንሳይ የሚመጣ፣ ትምባሆ የሌለበት፣ የሳር ቃጠሎ የሚሸት ሲጋራ። ለኩሶ አንዴ ሁለቴ ሲስበው ትከሻው ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያው መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ሳቁ ይመለሳል። «አልሐምዱሊላህ! እዚህ ማን ነው ፍየል የሚገዛ?» ይላል። ሙሴ ክሪኮርም ከጓዳው «እኔ አልገዛም፣ ባለፈው የሸጥክልኝ አንካሳ ነበረች!» ይለዋል።

አንድ ዓመት የባሕሩ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው ያኔም በደንብ አልገባንም፤ እኛ የገባን መደርደሪያው ባዶ መሆኑ ነው። ጨርቅ ጠፋ፣ የግራሞፎን መርፌ ጠፋ፣ የአስሙ ቆርቆሮም ጠፋ። የአቧራው ነፋስ ግን በጊዜው መጣ። አደር ጃማ በአልጋው ላይ መተኛት አቅቶት ግቢው ውስጥ ትራስ አቅፎ፣ አጎንብሶ ይቀመጥ ጀመር። ሚስቱን ኤዶ ሀሊማ እላታለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። እሷ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማ «ባዶውን ቆርቆሮ እንኳ ስጠኝ፣ ያሽትተው» ስትለኝ አንድ ባዶ ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁ።

ባዶው ቆርቆሮ ውስጥ ታጥፋ የምትመጣ አጭር ወረቀት አለች። ሌላ ሰው አውጥቶ ይጥላታል፤ እኔ አነባታለሁ። ከታች የቅጠሉ ሥዕል ነበረባት፦ ዳሩ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ሰፊ ቅጠል፣ ጥሩንባ አበባ፣ እሾህ የለበሰ ፍሬ። ሥዕሉን እንዳየሁ ሳቅሁ። ከፈረንሳይ በመርከብ የሚመጣው ነገር ከከተማችን ጫፍ ላይ ቆሟል! አስተናግር ነው። ሐረርጌ ገጠር ባንጂ የሚሉት፣ ሌላ አገር አጤ ፋሪስ የሚሉት።

ለሙሴ ክሪኮር ሥዕሉን አሳየሁት። አልሳቀም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ካወቅክ ለምን ዝም አልክ?»

«ስለማውቅ።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ስማ በየነ። ይህን ጭስ ሐኪሞቹ ከሕንድ ነው የተማሩት። ጭሱ ደረት ይከፍታል፤ እውነት ነው። ግን የተበላ እንደሆነ፣ የተጠጣ እንደሆነ፣ ሰውየው እያየ ይታወራል፣ እያወራ ይጠፋል። በድሮ ጊዜ መንገደኛ የሚዘርፉ ሌቦች ወጥ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። አንዱ ተክል ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ አንዱ ይምርሃል፣ አጠገቡ ያለው አይምርህም። ፋብሪካው ይለካዋል። አንተ በምን ትለካዋለህ?»

«በጭንቅላቴ» አልኩት።

ጭንቅላቴ ደግሞ ባዶ አልነበረም። ቅጠሉን ከሙሴ ክሪኮር በፊት አውቀዋለሁ። መጋላ ውስጥ ጥርስ የሚያክሙ ሴቶች ፍሬውን ፍም ላይ በትነው በሽተኛውን አፉን ከፍተው ያጥኑታል፤ ከዚያ ከሥሩ ባስቀመጡት ጣባ ውሃ ላይ ነጫጭ ነገር ይታያል፤ «ይኸው ትሉ ወረደ» ይላሉ። ሕመሙ በእርግጥ ይደነዝዛል። ትል የተባለው ግን ከተሰነጠቀው ፍሬ የሚወጣ ቡቃያ ነው፤ ይህን በከተማችን መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። በሽተኛ በሌለበት ፍሬውን አጭሼ እዚያው ትል አሳየኋቸው። ከሴቶቹ አንዷ «አንተ ጥርስህን ሲያምህ የት እንደምትሄድ እናያለን!» ብላ አባረረችኝ። ቅጠሉን ደግሞ ለእባጭና ለቁስል ይለጥፉታል፤ እብድ ውሻ ለነከሰው የሚያጠጡም ነበሩ። የዳነ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የዳነውን ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ቅጠሉ የሚበቅለው ከአትክልት ቦታዎቹ በታች፣ የብርቱካኑና የዘይቱኑ ትርፍ ውሃ ወርዶ በሚተኛበት ረግረግ ላይ ነበር። ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ያኔ ከብቶች ዞረውት ነው የሚያልፉት፤ ፍየል እንኳ፣ ያ ሁሉን የሚበላ ፍጥረት፣ አፍንጫውን አቅርቦ ይመለሳል። ውሃው አይንቀሳቀስም። በጠራራ ፀሐይ እንኳ እዚያ ስትደርስ የከተማው ድምፅ ይቋረጣል፤ ሙአዚኑም ባቡሩም አይሰሙህም። አንድ ተሸካሚ እዚያ ዳር አረፍ ብሎ የማያውቀውን ፍሬ ቀምሶ ራቁቱን ከቴምር ዛፍ ጋር ሲጨቃጨቅ ተገኝቷል። ስገባ ጭቃው ጫማዬን ከሥር ያዘው፤ ስስብ ለቀቀኝ፤ ከዚያ ደግሞ ያዘኝ። የአበቦቹ አፍ ሁሉ ወደኔ የዞረ መሰለኝ። ፈራሁ ብዬ አልጽፍም። የቀጠፍኩት ግን እየቸኮልኩ ነው።

ቅጠሉን በጥላ አደረቅሁ፤ ቀጠቀጥኩ፤ በሲጋራ ወረቀት ጠቀለልኩ። መጀመሪያ እኔ ራሴ ሞከርኩት። ጉሮሮዬ እንደ ቆዳ ደረቀ፤ ፊደል ለማንበብ ዓይኔ እስኪጠራ ብዙ ቆየሁ፤ አልሞትኩም። ለአደር ጃማ የሰጠሁት ከዚያ ወዲያ አሳንሼ ነው። ግቢው ውስጥ ትራሱን እንዳቀፈ ለኮስኩለት። ሳበ፤ ሳለ፤ ሳበ። ኤዶ ሀሊማ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። ከንፈሩ ቀላ። ቀና ብሎ አየኝና፦

«ወሪያ በየነ» አለ፤ «ፈረንሳይን ገደልካት!»

መጋላ በሙሉ ሰማ። ቀፊራ በር ላይ ስወርድ ባለሱቆቹ ከወንበራቸው ይነሱልኝ ጀመር። «ዶክተር በየነ» አሉኝ፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ግን ጥንቃቄዬን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በኋላ ብዙ ነገር አውርቷልና። የተረፈውን ቅጠል በከረጢት አድርጌ ለኤዶ ሀሊማ ሰጠኋት። ከረጢቱ ላይ ወረቀት ሰፋሁበት፤ ወረቀቱ ላይ የሰው ራስ ቅል ሳልኩ፤ ጥርሱ ሳይቀር፣ ከሥሩ ሁለት የተጣመረ አጥንት። ሥዕልም ማንም አላስተማረኝም።

«ይሄ ማነው?» አለችኝ ኤዶ ሀሊማ።

«ሞት ነው ኤዶ። ይህ ከረጢት ለጭስ ብቻ ነው። ምግብ አጠገብ እንዳይደርስ።»

«ሞትን ቤቴ ሰቅለህ ልትሄድ?»

«ማንም እንዳይነካው ነው።»

«ሀዬ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ጓዳው ውስጥ ከፍ ያለ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከጎኑ የቁጢው ከረጢት ተሰቅሏል። ቁጢ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የደረቀ የቡና ቅጠል ነው። ብረት ድስት ላይ ይታመስና ይፈላል፤ ወተትና ጨው ይጨመርበታል። እንግዳ መጥቶ ቁጢ ሳይጠጣ የወጣበት ቤት ያኔ አልነበረም። ሁለቱም ቅጠል ሲደርቅ ቡናማ ነው፤ ሁለቱም ሲደቅ አንድ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የአደር ጃማ ልጅ ሰህራ ልትታጭ ሆነ። ለልጁ የጠየቃት ሐጂ ሮብሌ ነው፤ የመኪና ባለቤት፣ ቁጡ፣ ዘመዱ ብዙ የሆነ ሰው። ሁለቱ ቤተሰቦች ቀድሞ በግጦሽ ተጣልተው ደም ሊፋሰሱ ለጥቂት ተርፈዋል፤ ጋብቻው ያንን ሊያሽር ነበር። ቤቱ ተጠረገ፤ ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ኤዶ ሀሊማ ጓዳ ስትገባ ያ የራስ ቅል አፈጠጠባት። ለሙሽራ ቤት ይህ ምን ዓይነት ምልክት ነው? ቅጠሉን ወደ ንጹሕ ነጭ ከረጢት ገለበጠችና እዚያው ሚስማር ላይ መልሳ ሰቀለችው። እሷ የትኛው የቱ እንደሆነ ታውቃለች። ታላቅ እህቷ ዘይነብ ግን አታውቅም። ዘይነብ ጠያቂዎቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ከቢዮ አዋሌ ገጠር የግመል ወተት ይዛ ለእርዳታ ደረሰች። እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ሲገቡ ኤዶ ሀሊማ ልትቀበል ወጣች፤ ዘይነብ ደግሞ ቁጢ ልታፈላ ጓዳ ገባች። እጇን ወደ ላይ ሰደደች። ሁለት ነጭ ከረጢት ነበር። አዲሱን አወረደች፤ ለእንግዳ አዲሱ ይገባል ብላ።

ከዚያ የሆነውን ሰህራ ናት የነገረችኝ። የምትታጭ ልጅ አትታይምና ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታይ ነበር። ወጉ ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲቀምስ ነው። አደር ጃማ ፉት አለ። መራራ ነው። ፊቱን አላጠቆረም፤ ከሐጂ ሮብሌ ፊት የቤቴ ቁጢ መራራ ነው ሊል? «ማሻአላህ» አለና ጨለጠው። ሐጂ ሮብሌ ቀመሰ። መራራ ነው። የልጁን አማት ቤት ሊያዋርድ? «ማሻአላህ» አለና እሱም ጨለጠ። ሽማግሌዎቹም ተራ በተራ ቀመሱ፤ ተራ በተራ አመሰገኑ። ያ ሁሉ ሰው ምሬቱን ምላሱ ላይ ይዞ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም። አንዳንዱ ግማሽ ሲኒ አስተረፈ፤ አደር ጃማ እንዳይታይ ብሎ የተረፈውን ወደራሱ ሲኒ እየገለበጠ ጠጣው።

እኔ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ብልቃጥ እየጠረግሁ ነበር። ጋሪ በር ላይ ሲቆም ሰህራ ሻሿን እንኳ ሳትደርብ ዘላ ወረደች። በዚያን ዘመን የመጋላ ልጃገረድ እንዲህ ሆና ከዚራ ስትገባ ያየ የለም።

«በየነ፣ አባቴ በሌለ በግ ላይ ዋጋ እየጠራ ነው! ሐጂ ሮብሌ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ እናቱን ይፈልጋል!»

«ምን ጠጡ?»

«ቁጢ።»

«ማን አፈላው?»

«አክስቴ ዘይነብ።»

«ከየትኛው ከረጢት?»

የወረደውን ከረጢት አይታ ነበርና ፊቷ ሁሉን ነገረኝ። ሙሴ ክሪኮር ከጓዳ ወጥቶ ሁለታችንን አየና ቁልፉን አነሳ። በሥራ ሰዓት ሱቁን ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። «ጂን ነው» የሚል አለ፤ ቁርኣን የሚቀራ አለ። ውስጥ ያየሁትን እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ቀልቷል፤ ቆዳቸው እንደ ጋለ ብረት ደረቅ ነው፤ ዓይናቸው ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። አንዱ ከአየር ላይ ክር ይለቅማል። አንዱ ምላሱን በጣቱ ይፍቃል። ሐጂ ሮብሌ ግድግዳውን እየደባበሰ «ሆዮ፣ ሆዮ» እያለ እናቱን ይጠራል፤ እናቱ ከሞተች ቆይታለች። አደር ጃማ ደግሞ መሐል ቆሞ፣ ያ ደቻቱን የሚሻገረው ድምፁ ደርቆ እንደ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ፣ በሌለ ሲኒ ይቀዳል። «ጠጡ፣ አልጠጣችሁም እኮ፣ ጠጡ» ይላል።

የሐጂ ሮብሌ ወንድም ከንፈሩን ብቻ ነበር ያስነካው። እሱ በአእምሮው ነው። እጁ ቢላዋው እጀታ ላይ ነው።

«በሠርግ ስም ጠርተው መረዙን» አለ። «ማን ነው ይህን ቅጠል እዚህ ያስገባው?»

ኤዶ ሀሊማ ወደኔ እንዳላየች ሆና መሬት መሬት አየች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በየነ እባላለሁ። ለአስሙ ነው ያመጣሁት። አሁን ቢላዋህን ተውና ወንድምህን ያዝልኝ፤ ማስመለስ አለበት።»

ሰው እንዲህ ይናገራል ብሎ አልጠበቀምና ያዘልኝ። ሙሴ ክሪኮር ያዘዘውን በሦስት ቋንቋ የተናገርኩት እኔ ነኝ። የጨው ውሃ አጠጣናቸው፤ አስመለሱ። ከሰል ፈጭተን በውሃ አጠጣናቸው። መስኮቱን በአቡጀዲ ጋረድን፤ ብርሃን ሲያዩ ይጮሁ ነበርና። ጨርቅ እየነከርን ገላቸው ላይ አደረግን። ዘይነብ በሩ ላይ ተቀምጣ «ለእንግዳ አዲሱ ይሻላል ብዬ ነው፣ ወላሂ አዲሱ ይሻላል ብዬ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

እንግዶቹ በማግስቱ ወደ ልባቸው ተመለሱ። አደር ጃማ ዘገየ። አብዝቶ የጠጣ እሱ ነው። ልቡ እንደ ከበሮ ሲመታ ከደረቱ ላይ ይታየኝ ነበር። ሐጂ ሮብሌ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ ዘመዶቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ግን አንድ ነገር አልነበረም። እኛ እስትንፋሱን፣ እነሱ የሐጂውን ቃል።

ሐጂ ሮብሌ ለዘመዶቹ፦ «መጀመሪያ የቀመሰ ማን ነበር?» አላቸው።

«ጃማ» አሉት።

«ከሁላችን አብዝቶ የጠጣስ?»

«ጃማ።»

«እንግዲህ ጠላቱን ሊገድል ራሱን የሚያስቀድም ሰው እኔ አላውቅም። ልጅቱ የኔ ልጅ ናት፤ ሠርጉ ይደረጋል።»

አደር ጃማ በዚያው ሰሞን ዳነ፤ ሠርጉም ተደረገ። ሆኖም መነሳት እንደቻለ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር የቀረውን ቅጠል በገዛ እጁ ደቻቱ አሸዋ ላይ ማቃጠል ነው፤ ከነፋሱ ወዲህ ቆሞ፣ ጭሱ እንዳይነካው። «ይህ ቅጠል ከዚህ ወዲያ በቤቴ አይገባም፤ በውሃም በጭስም» ብሎ ማለ። ኤዶ ሀሊማም የራሷን ሕግ አወጣች። ከዚያ ጀምሮ ቁጢ ስታቀርብ፣ ለንጉሥም ለለማኝም፣ ሲኒውን እየሰጠች ትላለች፦ «ከመረራችሁ ተናገሩ።»

የሚቀጥለው የአቧራ ነፋስ መጣ። የባሕሩም መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ ሳጥኑ ከጅቡቲ ሲደርስ ቆርቆሮዎቹን መደርደሪያ ላይ ሳላወጣ አንዱን ይዤ በጋሪ መጋላ ደረስኩ። አደር ጃማ ግቢው ውስጥ ትራሱን አቅፎ አጎንብሷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አሁን በልጆቻቸው የተዛመደው ሐጂ ሮብሌ አጠገቡ ተቀምጦ ጀርባውን ያሻል። ኤዶ ሀሊማ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

ቆርቆሮውን ከፍቼ ሰጠሁት። ሽታው ወጣ። አደር ጃማ አሽትቶ እጁ ቆመ።

«የፈረንጅ ነው?» አለኝ፤ በእያንዳንዱ ቃል መሐል እየተነፈሰ።

«የፈረንጅ ነው አደር።»

«ውስጡ… ምንድን ነው?»

ሐጂ ሮብሌ አየኝ። ዓይኑ ግልጽ ነበር፤ አላውቅም በል ነው የሚለኝ። ኤዶ ሀሊማ ከበሩ ላይ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። እኔ ግን በዚያ ከተማ ብልቃጥ የማነብ፣ ቅጠሉን ከሥዕሉ የለየሁ ሰው ነኝ። ሰው ወደ ደረቱ የሚያስገባውን ነገር ጠይቆኝ አላውቅም ብዬ አላውቅም። መድኃኒት ላይ አልዋሸሁም፤ አልዋሽምም።

«ያው ቅጠል ነው» አልኩ። «አስተናግር ነው። ይሄኛው ግን የተለካ ነው።»

አደር ጃማ ቆርቆሮውን ከደነው። ሐጂ ሮብሌ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ሐጂ» አለው፤ «አንተ ከቤቴ ጠጥተህ… የሞተች እናትህን ግድግዳ ላይ ፈልገሃል። እኔ በሱ ልተንፍስ?»

«ተንፍስ! እኔ ትቼዋለሁ፣ ወላሂ ትቼዋለሁ!» ሐጂ ሮብሌ ያ ቁጡ ሰው እንባው ወረደ።

«አንተ ትተሃል» አለ አደር ጃማ። «እኔ ምያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ለመንነው፤ ሙሴ ክሪኮርም በእግሩ መጥቶ ለመነው። ዝናቡ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሮ፣ አቧራው ግን ገና ሳይረግብ ሞተ። ቀብሩ ላይ ድምፁ ደቻቱን ይሻገር የነበረ ሰው ነው እያሉ ተላቀሱ። አንዳንዱ ደግሞ እኔ እየሰማሁ «በየነ የቆርቆሮውን ፈረንሳይኛ አላነብም ማለት አቅቶት እኮ ነው» ተባባለ። ይበሉ። ዛሬም አደር ጃማ ከሞት ተነስቶ ቢጠይቀኝ ያንኑ እነግረዋለሁ።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ኤዶ ሀሊማ ነጭ ለብሳ በገዛ እጇ ቁጢ ታድላለች፤ ሌላ ሰው ጓዳ አታስገባም። በለቀስተኞቹ መሐል እየዞረች፣ ለእያንዳንዱ ሲኒውን ስትሰጥ፣ «ከመረራችሁ ተናገሩ» ትላለች። ለሐጂ ሮብሌ አለችው። ለሙሴ ክሪኮር አለችው። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሲኒውን አቀበለችኝና ቆመች።

«ለአንተ አልልህም» አለችኝ። «አንተ ሳይሉህም ትናገራለህ።»

አልፋኝ ሄደች። ሲኒውን ወደ አፌ አደረግሁ። ጨው በዝቶበት ነበር። እስከ አተላው ጠጣሁት፤ አልተናገርኩም።